ለ5,000 ብር ደመወዝ ዲግሪ መጠየቅ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ሦስት ክፍት የሥራ መደብ አለን፤ ሪከርድና ማህደር ሠራተኛ፣ ካሸር እና ዳታ ኢንኮደር። ደመወዙ 5,000 ብር ነው። ባለቤቱ ‹ዲግሪ የሌለው እንዳይመዘገብ፤ ባለ ዲግሪ በየመንገዱ ሞልቶ ሌላ ምን አስፈለገን?› ይላሉ። አምና በዲግሪ ከቀጠርናቸው አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። በሌላ በኩል ዲግሪ ካልጠየቅን የሚመዘገበውን ሕዝብ በምን እናጣራዋለን? ከተማው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ‹የእኔን ልጅ› ይለናል። ደግሞስ ሕጉ ለቢሮ ሥራ ዲግሪ አያስገድድም ወይ?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልነሳ። የመጀመሪያው የተሳሳተ ሐሳብ እሱ ነው፤ ሕጉ አያስገድድም። የግል ድርጅትና ሠራተኛው የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ለካሸርም ሆነ ለማህደር ሠራተኛ የትምህርት ደረጃ ለክቶ አላስቀመጠም። ያምታታዎት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራር ይመስለኛል። እዚያ እያንዳንዱ የሥራ መደብ ተመዝኖ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ተፈላጊው ትምህርትና የሥራ ልምድም ተጽፎ ተቀምጧል። ጄኢጂ (የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ) እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከዚያ ወጥቶ ልቅጠር ቢል ይጠየቃል። እናንተን የሚጠይቃችሁ የለም።

ብዙ የግል ድርጅቶች ግን የመንግሥትን ማስታወቂያ ከሰሌዳ ላይ ወይም ከበኩር ጋዜጣ ላይ ያነባሉ። የመደቡን መጠሪያና ተፈላጊ ችሎታውን እንዳለ ይገለብጣሉ። ደመወዙን ብቻ የራሳቸውን ያስገቡበታል። የእናንተም ችግር የተፈጠረው እዚያው ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ የሚከፍለው 11,500 ብር ሆኗል፤ ቀድሞ 6,940 ነበር። የመንግሥት ዝቅተኛው ደመወዝ ራሱ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። እናንተ 5,000 ትከፍላላችሁ። የግሉን ዘርፍ የሚያስገድድ የደመወዝ ወለል ስለሌለ በዚህ አትከሰሱም። ግን እስቲ ከአመልካቹ ወገን ሆነው ይዩት። ከመንግሥት ዝቅተኛ ተከፋይ ያነሰ ሰጥታችሁ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ እየፈለጋችሁ ነው።

አምና የቀጠራችኋቸው ለምን እንደለቀቁ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እናንተ ጋ የተቀመጡት ሌላ እስኪያገኙ ነው። ወረዳው ወይም ባንክ ማስታወቂያ ባወጣ ቁጥር ፈቃድ ጠይቀው ለፈተና ይሄዳሉ። ሲያልፉ ይለቃሉ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ሁለተኛው የተሳሳተ ሐሳብ ደግሞ «ዲግሪ መጠየቅ ምንም አያስከፍለንም» የሚለው ነው። ባለቤቱ ሰው ሲለቅ የሚወጣውን ወጪ በብር አስልተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ካሸሯ ስትለቅ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ቆጠራ ይደረጋል፣ ርክክብ ይፈጸማል። አዲሷ እስክትመጣ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ገንዘብ ይቀበላል፤ የራሱ ሥራ ይቆማል። አዲሷ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ትለማመዳለች። ፉርሽካ በዱቤ የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍልና ማን እንደሚያጉላላ ትማራለች። ማህደር ክፍል ደግሞ ይብሳል። ፋይሉ የተደረደረበትን መላ የሚያውቀው የለቀቀው ልጅ ብቻ ከሆነ፣ የአንድ ስንዴ አቅራቢ ውል ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህ ሁሉ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ሲደጋገም፣ ደመወዙን ዝቅ አድርጋችሁ ያተረፋችሁት ገንዘብ በዚሁ በኩል ተመልሶ ይወጣል።

ዲግሪ ለምን እዚህ ሁሉ ቦታ እንደገባ ማወቅ ባለቤቱን ለማስረዳት ይጠቅምዎታል። በፊት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ጥሩ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የቴክኒክና ሙያ የሥልጠና ደረጃ መጠሪያ የሆነው «ሌቭል» የሚለው ስም የወደቀ ሰው መጠጊያ ተደርጎ ታየ። እስከ ዛሬም ያ ስም አልለቀቀውም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው በዛ። በእኛው አካባቢ እንኳ ከባሕር ዳር ቀጥሎ ደብረ ማርቆስ፣ በኋላም እንጅባራ ተከፈተ። የግል ኮሌጆች በማታና በርቀት ትምህርት እስከ ትንንሾቹ ከተሞች ደረሱ። ባለ ዲግሪው ሲበዛ ቀጣሪው መስፈርቱን ከፍ አደረገ። መስፈርቱ ከፍ ሲል ያልተማረውም ዲግሪ ፍለጋ ሄደ። ሥራው ግን ያው ነው። ደረሰኝ መቁረጥና ፋይል ማስቀመጥ ከ20 ዓመት በፊትም 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ይሠራው ነበር። በደንብም ይሠራው ነበር።

በ2001 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ማይክል ስፔንስ ይህን ነገር በ1973 እ.ኤ.አ. አስረድቶታል። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ በዓይኑ ማየት አይችልም። ስለዚህ ምልክት ይፈልጋል። ዲግሪ ምልክት የሚሆነው ለማግኘት፣ በተለይም ችሎታው ላነሰ ሰው፣ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው፤ ትምህርቱ ራሱ ለሥራው ምንም ባይጨምር እንኳ። እንግዲህ ምልክቱን ብዙ ሰው ሲይዘው ማንን ከማን ይለያል? የባለቤቱ «ባለ ዲግሪ ሞልቷል» የሚለው ክርክር በራሳቸው ላይ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። በእርግጥ ሞልቶ ከሆነ ዲግሪው አያጣራላችሁም ማለት ነው።

ደግሞም ሞልቶ አይቆይም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ቢያድግም አሁንም ጥቂት ነው። ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የሚገቡት አሉ፤ ሁሉም ግን አያልፉም። በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጣ። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ያላለፉት በዝተው ነበር። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚመረቀው ሰው ይቀንሳል። ከዚያ በተቃራኒ 12 ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት፣ አራት ዓመት ተምሮ የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ወጣት ይበዛል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ፈተና ሳይቀመጥ የቀረ ልጅ በየቤቱ አለ። ይህ ልጅ የቀረው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የእናንተ ማስታወቂያ ከሰነፉ ጋር አንድ ላይ ያስቀረዋል።

ወደ ዋናው ፍርሃትዎ ልምጣ። «የእኔን ልጅ» ያሉት ማለቴ ነው። ብዙ ባለሙያ ስለ ዲግሪ መስፈርት ሲጽፍ ይህን ይዘለዋል። እኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው እላለሁ። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ደምበጫ፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ፣ ሰው ይተዋወቃል። የባለቤቱ የክርስትና ልጅ አለ። የማኅበር ጠጪው ልጅ አለ። የጎረቤት ልጅ አለ። ፊት ለፊት «አልቀጥረውም» ማለት ያስቀይማል፤ ቅያሜው ደግሞ ለቅሶ ቤት ድረስ ይከተላል። «ዲግሪ ስለሌለው ነው እንጂ ቢሆንማ ደስ ይለኝ ነበር» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም። ዲግሪ ለእናንተ ዋና ጥቅሙ ጨዋ የእምቢታ ምክንያት መሆኑ ነው። ይህ ጥቅም የለውም አልልም።

ግን የሚከላከለው ከፊሉን ብቻ ነው። የክርስትና ልጁ ዲግሪ ካለውስ? ያኔ ምክንያታችሁ አለቀ። ሌሎቹን ባለ ዲግሪዎች በምን ታበልጣላችሁ? በቃለ መጠይቅ ነው። ቃለ መጠይቁ ደግሞ ያለ ጥያቄ ወረቀት፣ ያለ ነጥብ፣ በወግ የሚካሄድ ከሆነ ዘመድ የሚገባበት ሰፊ በር እሱ ነው። ከዲግሪ የተሻለ አጥር የሚሆነው በስም ሳይሆን በኮድ የሚታረም የተግባር ፈተና ነው። ውጤቱን በግልጽ ሰሌዳ ላይ ትለጥፋላችሁ። «ጋሼ፣ ልጁ 41 አምጥቶ፣ የተቀጠረችው 78 ነው» ሲባል የሚከራከር አባት ጥቂት ነው።

ይህ አሠራር ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በጎጃም በታወቁት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ በዲማም በዋሸራም፣ የቅኔ ተማሪ «ስንት ዓመት ተቀመጥክ?» ተብሎ ብቻ አይለይም። ተቀኝ ይባላል። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና አምጥቶ ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ልኩን ያውቀዋል። እናንተም «አስገባ፣ ደምር፣ ፋይሉን አውጣ» በሉት።

ፈተናው ለእያንዳንዱ መደብ ሥራውን ራሱን ይምሰል። ለዳታ ኢንኮደር ከመጋዘን የወጡ የቆዩ የስንዴ ገቢ ሰነዶችን ኮፒ አድርጋችሁ ስጡት፤ የአቅራቢዎቹን ስም ግን ሸፍኑ። በተወሰነ ሰዓት ኤክሴል ላይ ያስገባ። ሆን ብላችሁ ሁለት ሰነድ ላይ ድምሩን አሳስታችሁ ጻፉ። ስህተቱን ዝም ብሎ የሚያስገባውንና «ይህ አይገጥምም» የሚለውን እዚያው ትለያላችሁ። አንድ ደብዳቤም በአማርኛ ይጻፍ፤ በፓወር ግዕዝም ይሁን በሌላ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር፣ የለመደው ይሁንለት። ለካሸር የደረሰኝ አቆራረጥ፣ የመልስ አሰጣጥና የቀን መዝጊያ ሒሳብ ይበቃል። የተቀላቀለ የብር ኖት ስጧትና ትቁጠር፤ በሞባይል የተከፈለውንም ለይታ ትመዝግብ። ለማህደር ሠራተኛ የተደበላለቀ ክምር ደብዳቤ ይሰጥ። ቁጥር ይስጥ፣ መዝግቦ ይለይ፣ ከዚያ አንዱን «አምጣ» በሉት። እነዚህን ያደረገ ሰው ሥራውን ይችላል። ቢኤ ይኑረው ሌቭል 4 ይኑረው ለውጥ የለውም።

ሰው በብዛት ቢመዘገብስ ብለዋል። ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ አይጠበቅባችሁም። መጀመሪያ በእስክርቢቶ አጭር ፈተና ስጡ። አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ቢያከራያችሁ በአንድ ግማሽ ቀን ታጣራላችሁ። መደመር፣ በመቶኛ ማስላት፣ አንድ አንቀጽ አንብቦ መመለስ፣ ንጹሕ አማርኛ መጻፍ። ከዚያ ያለፉትን አሥር አሥር ሰው ብቻ ወደ ተግባሩ ፈተና ትጠራላችሁ። የፈተና ወረቀቱን የሚያዘጋጀውና የሚያርመው አንድ ሰው አይሁን። ጥያቄው ከወጣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። በእኛ አገር ፈተና እንዴት እንደሚወጣ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው የተሳሳተ ሐሳብ ካሸርን ይመለከታል። ባለቤቱ በጥያቄዎ ላይ ባይሉትም በልባቸው «የተማረ ሰው አይሰርቅም» የሚል ያለ ይመስለኛል፤ ብዙ አሠሪ ይህን ያስባል። ዲግሪ ስለ እምነት ምንም አይናገርም። ለገንዘብ ያዥ እምነትን የሚያስጠብቁት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የታወቀ ዋስ፣ ዕለታዊ ቆጠራ፣ ድንገተኛ ቁጥጥር፣ ገንዘቡ በየቀኑ ባንክ መግባቱ። እነዚህ ከሌሉ ማስተርስ ያለውም ጉድለት ያሳያል።

አሁን ምርጫዎቹን ላስቀምጥ። አንደኛው ዲግሪውን ይዞ መቀጠል ነው። ይህ የሚያዋጣው ደመወዙን ከመንግሥት ጋር ለማቀራረብ ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው። ለነዚህ ሦስት መደቦች ያን ያህል መክፈል ግን ብክነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው «ዲግሪ፣ ዲፕሎማ ወይም ሌቭል 4» ብሎ መጻፍ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ በተግባር ግን ባለቤቱ ከምዝገባው ዝርዝር ላይ ባለ ዲግሪዎቹን ብቻ ያከብባሉ። በአሜሪካ ይህ በደንብ ታይቷል። የሜሪላንድ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. ለብዙ ሺህ የመንግሥት የሥራ መደቦች የአራት ዓመት ዲግሪ መጠየቁን አቆመ፤ ብዙ ድርጅቶችም ተከተሉ። ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ከበርኒንግ ግላስ ተቋም ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ግን በዚህ ለውጥ ምክንያት በትክክል ዕድል ያገኘው ከ700 ቅጥር አንድ እንኳ አይሞላም። ማስታወቂያው ተቀይሮ ቀጣሪው አልተቀየረም።

ሦስተኛው፣ እኔም የምመክረው፣ ከሦስቱም መደቦች ዲግሪውን ማውጣት ነው። ለካሸር በሒሳብ ሥራ ሌቭል 3 ወይም 4፣ አለዚያ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀና በገንዘብ አያያዝ የሥራ ልምድ ያለው በሉ። ለማህደርና ለዳታ ኢንኮደር 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀና መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ያለው ይበቃል። ከዚያ በታች በደማቅ «ምርጫው በተግባር ፈተና ውጤት ይሆናል» የሚል መስመር ይግባ። ደመወዙንም ወደ 6,000 አድርሱት። የሦስት ሰው የ1,000 ብር ልዩነት በወር 3,000 ነው፤ ከጡረታ መዋጮው ጋር ትንሽ ከፍ ይላል። ባለቤቱ በዚህ ካኮረፉ የካሸሩን ብቻ አስፈቅዱ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው በችግር መያዝ የለበትም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። «ባለ ዲግሪ አያመልክት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ያ ሌላ በደል ነው። ሥራ አጥቶ የቆየ ምሩቅ ፈተናውን በልጦ ካለፈ ይቀጠር። ዲግሪውን ደብቀው በ12ኛ ክፍል ማስረጃ የሚያመለክቱም ይኖራሉ። ኋላ ስትደርሱበት እንደ ወንጀለኛ አትዩዋቸው፤ እዚያ ያደረሳቸው የቀጣሪው አመል ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን «ሁለት ዓመት ትቆያለህ ወይ?» ብሎ ማስማል ዋጋ የለውም። ሁሉም አዎ ይላል። ይልቅ ከዓመት በኋላ ወደ ምን መደብ ማደግ እንደሚቻል በግልጽ ንገሩት፤ ሰው የሚቆየው ለዚያ ነው።

የሌቭል ማስረጃ የያዘ ሰው ሲመጣ የብቃት ምዘና ማለፉን እዩ። ሲኦሲ (የብቃት ምዘና ማረጋገጫ) የሌለው ሌቭል ግማሽ ማስረጃ ነው። ሲኦሲም ቢኖር ፈተናችሁን ይፈተን፤ የሐሰት ሰነድ ከዲግሪም ከሌቭልም አይጠፋም። ማስረጃውን ለሰጠው ተቋም ደብዳቤ ጽፋችሁ አጣሩ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የተቀጠረው ሰው ማስረጃው እስኪረጋገጥ በሙከራ ላይ ይሁን።

የሙከራ ጊዜውም ቢሆን ሥርዓት አለው። ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል። በቃል ብቻ ከተስማማችሁ ግን የሙከራ ጊዜ የለም ማለት ነው። አምና ሠርቶ የለቀቀ ሰው ወደዚያው መደብ ከተመለሰም እንደገና ሙከራ አይቀመጥም። በፈተና የገባውን ሰው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ ገምግሙት። ሀምሳ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነቅቶ ማባረር የአሠሪ ስንፍና ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለነዚህ ሦስት መደቦችና ለመሰሎቻቸው ነው። የሒሳብ ሹም፣ የምርት ጥራት ተቆጣጣሪ ወይም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ስትፈልጉ ይህን ምላሽ አምጥታችሁ እንዳትሟገቱበት። የሒሳብ ሹም ለግብር የሚቀርብ ሒሳብ ያዘጋጃል፤ ስህተቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው፣ ቅጣቱም የድርጅቱ ነው። እንዲህ ያለውን ችሎታ በአንድ ከሰዓት ፈተና ማየት አይቻልም። እዚያ ዲግሪ ጠይቁ፣ ልምድም ጠይቁ፤ ደመወዙንም በልኩ አድርጉት።

ባለቤቱ አሁንም ካላመኑ ሦስቱንም በአንዴ አይግፏቸው። በዳታ ኢንኮደሩ ይጀምሩ፤ ችሎታው በቶሎ የሚለካው እሱ ነው። ባለ ዲግሪውም የሌለውም አንድ ላይ ይፈተኑ። ሲታረም ባለቤቱ ራሳቸው ከጎንዎ ይቀመጡ፤ ኮዱ የሚፈታውም ነጥቡ ከተመዘገበ በኋላ በእሳቸው እጅ ይሁን። የፈተና ወረቀቶቹን ከማህደሩ ጋር አስቀምጡ፤ ቅሬታ ያለው ሰው ሲመጣ የሚያሳዩት እሱን ነው።